ሙሀንዲስ ይልማና የሐጃ ወለል

ሦስት ሐበሻ በተሰበሰበበት አንዱ የግድ ሙሀንዲስ ነው። ሁለተኛው ሐኪም፣ ሦስተኛው ቁጭ ብሎ የሚሰማ ምስኪን ነው። ሪያድ፣ መንፉሐ ሰፈር ባለው ቤታችን ግን ሙሀንዲስነቱንም ሐኪምነቱንም ጠቅልለው የያዙት አንድ ሰው ናቸው፦ ክቡር ሙሀንዲስ ጋሽ ይልማ። ምስኪኖቹ እኛ የቀረነው አምስታችን ነን።

ክቡርነታቸው የተማሩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ማዕረጉን ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም፤ እሳቸው እንደሆኑ ግን እንጠረጥራለን። ለጠየቅናቸው ሁሉ መልስ አላቸው፤ ላልጠየቅናቸው ደግሞ ሁለት መልስ አላቸው። "ጅዳ እያለሁ" ብለው ከጀመሩ አበቃ፤ እራት ይቀዘቅዛል። ጅዳ እያሉ ያልሠሩት የለም፤ ድልድዩ፣ ሊፍቱ፣ የባሕሩ ዳር መንገድ፣ ሁሉም የእጃቸው ሥራ ነው። የክፍላችን ልጅ ጀላል አንድ ቀን ወራቱን ቆጥሮ ጅዳ የቆዩት በጠቅላላው አራት ወር መሆኑን ደረሰበት። ሁለቱን ወር ያሳለፉት ደግሞ ተርሂል፣ ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው የሚታጎርበት ግቢ ውስጥ ነው። ጋሽ ይልማ ቅንድባቸውን እንኳ አላነቃነቁም።

"የዚያን ግቢ ቧንቧ የቀጠለው ማን ይመስልሃል?" አሉ።

ፍሪጃችንን ጠገኑልንና ወተቱ በማግስቱ እርጎ ሆነ። "ለጨጓራ እርጎ ይሻላል" አሉ። ለጀላል ጥርስ ቅርንፉድ አዘዙለትና ጎረቤት የሆነው ጥርስ መታመም ጀመረ። "ሕመሙ ቦታ እየለቀቀ ነው" ብለው አጽናኑት።

እኔና እሳቸው የምንሠራው ወለል ማንጠፍ ነው። እሳቸው ያነጥፋሉ፣ እኔ አቦካለሁ፣ አቀብላለሁ፣ እሰማለሁ። ባለፈው ጥር ሱለይማኒያ ሰፈር ውስጥ ወደ አንድ አቡ ፈህድ የሚባል ሰው ቪላ ተላክን። ሪያድ ሁልጊዜ ሙቀት የሚመስለው ሰው፣ በጥር ጠዋት በባዶ እግሩ እብነ በረድ ላይ ይቁምና ከዚያ እናወራለን። የሰውየው እናት፣ ቤቱ ሁሉ ሐጃ የሚላቸው አሮጊት፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ልጃቸው ከክፍላቸው ወለል ሥር ሙቅ ውሃ የሚዞርበት ቧንቧ አስቀብሯል። የእኛ ሥራ በላዩ ላይ የተፈጥሮ ድንጋይ ማንጠፍ ነበር።

ሥራውን የሚቆጣጠረው ግብፃዊ ሙሀንዲስ፣ ማለትም እውነተኛው፣ ሦስት ነገር አዘዘን። ከድንጋዩ ሥር ማጣበቂያው ባዶ ቦታ ሳይተው ይሙላ። በግድግዳው ዙሪያ የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ይተው፤ ድንጋይ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ መሄጃ ይፈልጋል። ማጣበቂያው በደንብ እስኪደርቅ ደግሞ ሦስት ሳምንት ማሞቂያው እንዳይበራ።

እሱ እንደወጣ ጋሽ ይልማ ውሃ ልካቸውን አስቀምጠው ሳቁ።

"ይለጠጣል? ድንጋይ ላስቲክ ነው እንዴ? ይህ ልጅ ያነበበውን ነው የሚያወራው።"

"ጋሼ፣ የተባልነውን ብናደርግ ምን አለበት?" አልኩ።

"ስማኝ ወንድሜ። ክፍተት የሰነፍ ምልክት ነው። ጅዳ እያለሁ ድንጋዩን ከግድግዳው ጋር አጥብቄ ስገጥመው፣ ባለቤቱ መጥቶ ግንባሬን ሳመኝ። ያላ፣ አቀብል!"

አቀበልኩ። ይህንን የምጽፈው ራሴን ላነጻ አይደለም፤ ክፍተቱን የደፈነውን ማጣበቂያ ያቦካሁት እኔ ነኝ። ከላይ በእንጨት ጠርዝ ሸፈኑት፤ ዙሪያውን ዞረው አደነቁት፤ ጨርሰን ወጣን።

በአሥረኛው ቀን ተጠራን። በሩን የከፈተችልን ሰዓዳ ነበረች፤ ሐጃን የምትንከባከብ የወሎ ልጅ። ከንፈሯ ደርቋል።

"ወንድሜ፣ እኔ ነኝ ያበራሁት" አለችኝ በሹክሹክታ። "ሐጃ በረደኝ ብለው ሲንቀጠቀጡ አላስችለኝ አለ። እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ወላሂ እንዳይበራ መባሉን የነገረኝ የለም። አሁን ቢያውቁ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ መትተው ወደ አገሬ ይሰዱኛል፤ ከመጣሁ ገና ሰባት ወሬ ነው።"

ጋሽ ይልማ አጠገቤ ቆመው ነበር። ሰምተዋል።

ክፍሉ ስንገባ ወለሉ መሀሉ ላይ እንደ ግመል ጀርባ ጎብጧል። አንዱ ድንጋይ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። አቡ ፈህድ ፊቱ ቀልቶ ይጮሃል። ግብፃዊው የእንጨቱን ጠርዝ ነቅሎ የተደፈነውን ክፍተት አየ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የማሞቂያ መቆጣጠሪያም አየ።

"ማነው ያበራው?" አለ አቡ ፈህድ። ዓይኑ ሰዓዳ ላይ አረፈ።

እኔ የጋሽ ይልማን መልስ አስቀድሜ የሰማሁት ያህል ነበር። ድንጋዩ የቻይና ነው ይላሉ፤ ወይም ልጅቷ አበራችው ይላሉ። ሁለተኛውን ቢሉ እውነት ነበር፤ የራሳቸው ጥፋትም በእሷ ተሸፍኖ ይቀር ነበር። ደግሞ ለራሳቸው የሚፈሩበት ምክንያት አላቸው፤ ኢቃማቸው፣ የመኖሪያ ወረቀታቸው፣ ካለፈበት ዓመት ሞልቶታል። አንድ ስልክ ቢደወል ያለቀላቸው ሰው ናቸው።

አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጡ።

"አነ" አሉ በዚያ በሚያስቅ ዐረብኛቸው፣ ደረታቸውን ነክተው። "ጨርሰን ስንወጣ ማሞቂያውን እኔ አበራሁት፤ ቶሎ ይድረቅ ብዬ። ክፍተቱንም እኔ ደፈንኩት። ይህ ሰው እንዳልደፍን ነግሮኝ ነበር። አላወቅሁም።"

ሰባት ዓመት አብሬያቸው ኖሬያለሁ። ያቺን የመጨረሻ ቃል በየትኛውም ቋንቋ ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም።

አቡ ፈህድ ስልኩን አወጣ። ግብፃዊው እጁን ያዘው። እሱም ሰዓዳን አይቷት ነበር፤ ሞኝ አልነበረም።

"እኔ ሌላ አንጣፊ እስካገኝ ብርዱ ያልፋል" አለው። "ያበላሸው ራሱ ያንሳው፣ ራሱ ያንጥፈው። እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ።"

ስድስት ቀን ፈጀብን። ክቡርነታቸው ተንበርክከው ድንጋዩን አንድ በአንድ ነቀሉ፤ ጀርባውን ፋቁ፤ እንደገና አነጠፉ። በግድግዳው ዙሪያ የስፖንጅ ቁራጭ እያስገቡ፣ በየመሀሉ ቀና ብለው "ባሽሙሀንዲስ፣ ይህ ይበቃል?" ብለው በዕድሜ ልጃቸው የሚሆነውን ግብፃዊ ይጠይቁ ነበር። ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ሲነሱ ግድግዳ ይይዛሉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ማሞቂያው በርቶ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተጨመረ ሞቀ። ዕቃችንን ልንወስድ የሄድን ቀን ሐጃ ካልሲያቸውን አውልቀው መሀል ክፍሉ ላይ ቆመው ነበር። ዱዓ አደረጉልን። ሰዓዳ እስከ በሩ ሸኘችን።

"ጋሽ ይልማ፣ አላህ ይክፈልዎት። ውለታዎን…"

"የምን ውለታ?" አቋረጧት። "ተሳስቼ ነው ያጠፋሁት። አንቺ ምን አገባሽ? ሂጂ፣ በር ዝጊ፤ ብርድ ይገባል።"

ወደ መንፉሐ ስንመለስ ጋሽ ይልማ ከተሳፈርንበት መኪና ፊት ተቀምጠው ሾፌሩን ያርሙ ጀመር። "ዋናው መንገድ ተዘግቷል፤ አቋራጩን የማውቀው እኔ ነኝ፤ በግራ ታጠፍ" አሉት። ታጠፈ። አንድ ሰዓት ከሩብ የጭነት መኪና ጭራ እያየን ቆምን። ዋናው መንገድ በስተቀኛችን ወለል ብሎ ይታያል፤ መኪናው ሁሉ ይከንፋል።

"በዋናው ብንሄድ ኖሮ ገና ሱለይማኒያ ነበርን" አሉ ወደ እኔ ዘወር ብለው።

ሾፌሩ በመስታወት አየኝ። እኔ መንደሪን እየላጥኩ ነበር።

"እውነትዎን ነው ጋሼ" አልኩና ትልቁን ግማሽ ሰጠኋቸው።