ዓሦቼን ያሰከረው ኮመዲኖ

ደብረ ታቦር ውስጥ ሙቀት የግል ንብረት ሆኖ አያውቅም። አንድ ቤት እሳት ተቀጣጠለ ማለት ጎረቤቱ ሁሉ ወንበር ይዞ መጣ ማለት ነው። ይህን እያወቅሁ ነው እንግዲህ ሳሎኔ ውስጥ ዓሣ ማርባት የጀመርሁት... ፍረዱኝ።

የጉና ብርድ ሰውን እንኳ ከጋቢ አያስወጣም፤ ዓሣ ደግሞ ጋቢ አይለብስም። ስለዚህ የመስታወት ገንዳው በተቀመጠበት ኮመዲኖ ውስጥ፣ መብራት ሲጠፋ የውኃ ማሞቂያውን የሚያሠራ ባትሪ ከነቻርጀሩ፣ በዚያ ላይ አየር የሚነፋ ፓምፕ ጠቀጠቅሁ። ሽቦውን በጀርባው አሾልኬ በሩን ብዘጋው፣ ውስጡ እንደ ዳቦ ቤት ሞቀ። ኮራሁ።

በዚያው ሰሞን የሚካኤል ማኅበር ተራ ደረሰንና አማቴ ጠላ ሊጠምቁልን ከእብናት መጡ። እብናት ቆላ ቀመስ ነው፤ ጥንስስ ቶሎ ይፈላል። እኛ ቤት ግን ጥንስሱ ዝም አለ። አማቴ እንስራውን ታቅፈው አልጋ ሥር ሞከሩ፣ ብርድ ልብስ ደረቡለት... ወይ ፍንክች። በነጋታው እንስራው ከዓይን ጠፋ።

ጠዋት ዓሦቼን ባይ አንዱ በጎኑ ተኝቷል። ሌላው መስታወቱን በግንባሩ ይገጫል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይገጫል። ጨዋ ነው የምለው ቢጫው ተዘቅዝቆ ይንሳፈፋል። ደነገጥሁ። የገንዳውን ክዳን ሳነሳ የጠላ ቤት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ኮመዲኖውን ከፈትሁት። እንስራው ባትሪዬን ተደግፎ ይፈላል፤ ፓምፑም የእንስራውን ትንፋሽ እየሳበ ለዓሦቼ ይቀዳላቸዋል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይሏል ይኸ ነው።

«እማማ፣ ይኸ የዓሣ ቤት ነው እኮ።»

«አውቃለሁ ልጄ። እነሱ ላይ ናቸው፣ እኔ ታች ነኝ።»

«ዓሦቹ ሰከሩ እኮ!»

«እሰይ፣ ጥንስሱ ተነስቷላ።»

«እባክዎ ያውጡልኝ።»

«ሚካኤል ቤትህ ሲመጣ በውኃ ልትቀበለው ነው?»

ሚስቴን አየኋት። ሚስቴ ጣሪያውን አየች።

ከሚካኤል ጋር ማን ይሟገታል? ፓምፑን አውጥቼ ግድግዳው ላይ ሰቀልሁት፤ ዓሦቹም ቀስ በቀስ ቀና አሉ። እማማ ግን ሁለተኛ እንስራ አመጡና ባትሪውም ሽቦው ሳይነቀል ወደ ውጭ ተባረረ። ቻርጀሩን ብቻ «እሱ ይሞቃል» ብለው አስቀሩት።

የማኅበሩ ዕለት ጠላው እንዴት ያለ ሆኖ ወጣ መሰላችሁ! የማኅበሩ ቄስ ጢማቸውን ጠርገው፣ «በዚህ ብርድ ይኸ እንዴት ወጣ?» ሲሉ አማቴ ወደ ኮመዲኖው ጠቆሙ። ማኅበርተኛው እየተነሳ ውስጡ እጁን ሞቀ። ዓሦቹን ዞር ብሎ ያየ የለም።

ጽዋውን የሚቀበሉት ተረኛ፣ ጎረቤታችን ጋሼ ደሴ፣ ብድግ አሉ። «ጽዋውን ተቀብያለሁ። ኮመዲኖውንም ከነባትሪው ከነቻርጀሩ ብትጨምሩልኝ...»

«ዓሦቼስ?» አልሁ።

«ጣና ውስጥ ኮመዲኖ አይተሃል?» አሉ አማቴ።

ወደ ቄሱ ዞርሁ። «አባ፣ መቼ ይመለስልኛል?»

«ልጄ፣ ከጽዋ ጋር የወጣ ዕቃ አይመለስም። ይዞራል።»

ይኸው ዛሬ ገንዳው መቀመጫ ስላጣ ዓሦቼ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ናቸው። መብራት ሲጠፋ ጋቢዬን እደርብላቸዋለሁ። እኔ ራሴ ብርዱ ሲጠናብኝ ደግሞ ጋሼ ደሴ ቤት ሄጄ ኮመዲኖዬን እሞቃለሁ... ወንበር ይዤ።