በሞዴል አሥራ ዘጠኝ ገቢ የሆነው ፈረስ

በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ አምቦ ከተማ የሚገኝ አንድ የተከበረ መሥሪያ ቤት አንድን ፈረስ ከዓለም ሕዝብ ዝርፊያ ለማዳን ቆርጦ ተነሣ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አንጠቅስም፤ አንድም ስለ ክብሩ፣ አንድም ታፔላው ከወደቀ ሁለት ክረምት ስላለፈው ነው።

ፈረሱ ሥዕል ነው። የሣለችው የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ሃዋኒ ሌንጂሳ ናት፤ የሐሮ ወንጪ ልጅ፣ በየስድስት ወሩ «ሥነ ምግባሯ እየታየ የሚታደስ» ኮንትራት ያላት። መሥሪያ ቤቱ የባለጉዳይ ፋይል የሚይዝበት ፕሮግራም ማንም በነፃ የሚወስደው፣ የቻለም የሚያሻሽለው ዓይነት ነው። ሃዋኒም የአቅሟን ላዋጣ ብላ፣ እንግዳ ጭኖ ወደ ወንጪ ሐይቅ የሚወርደውን የአባቷን ዳማ ፈረስ ማታ ማታ ቤቷ ሣለችና ለፕሮግራሙ ሠሪዎች ላከችላቸው። ፈቃዱ አጭር ነበር፦ ማንም ይጠቀምበት፣ ያባዛው፣ ይለውጠው፤ የሣዪዋ ስም ግን ከሥሩ አይፋቅ።

ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተሩ «ይጠብቁ» ባለ ቁጥር ዳማው ስክሪኑ ላይ ሶምሶማ ይሮጣል፤ ከእግሩ ሥር በትንሹ የሃዋኒ ስም አለ። በዚያ መሥሪያ ቤት መጠበቅ ስለሚበዛ ባለጉዳዩ ሁሉ ፈረሱን እንደ ዘመድ ያውቀዋል። አባቷ ከወንጪ መጥተው ስሟን በጣታቸው እየተከተሉ ካነበቡ ጀምሮ፣ ሃዋኒ ያቺን ትንሽ መስመር ከደመወዟ አብልጣ ትወዳታለች።

ጣጣው የመጣው ከባኮ ከተማ ነው። ኃላፊው ኦቦ ጉግሳ ለስብሰባ ሄደው ሳለ፣ በሰው ኮምፒዩተር ላይ ዳማው ሲሮጥ አዩት። ምሳ ሳይበሉ ተመለሱ። ለመንግሥት ንብረት የሚቆረቆር ሰው እንዲህ ነው።

«ፈረሳችን ባኮ ምን ይሠራል?» አሉ ሃዋኒን አስጠርተው።

«ባኮ ብቻ አይደለም ኦቦ ጉግሳ። ብራዚልም አለ።»

«ማን ፈቀደለት?»

«እኔ።»

«በስንት ቁጥር ደብዳቤ?»

ደብዳቤ አልነበረም።

ወዲያውኑ ዐቢይ ኮሚቴ ተዋቀረ። ሥዕሉ ቤቷ መሣሉን ብታስረዳም ኮሚቴው አልተሸወደም፤ ከሦስት ቀን ጥልቅ ውይይት በኋላ ፈረሱ የታሰበው በሥራ ሰዓት ሊሆን እንደሚችል ደረሰበት። ስለዚህ ንብረት ነው። ንብረት ደግሞ በሞዴል አሥራ ዘጠኝ ገቢ ይሆናል፤ የንብረት ክፍሉ ኦቦ ሂርጳ ደረሰኛቸውን ይዘው ቀረቡ።

«ሁኔታው ምን ይባል? አዲስ ወይስ ያገለገለ?»

ኦቦ ጉግሳ ፈረሱን አተኩረው አዩት። «ብዙ ሮጧል። ያገለገለ ይበሉ።»

ኦቦ ሂርጳ የንብረት መለያ ቁጥር ጽፈው ስክሪኑ ላይ፣ ልክ ፈረሱ ጀርባ ላይ ለጠፉ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ኮምፒዩተር ሲዞሩ እዚያም ፈረስ አለ። ሦስተኛውም ላይ።

«አንድ ተረክቤ ስድስት አገኘሁ» አሉ ላብ እያጠመቃቸው። «ትርፍም እኮ እንደ ጉድለት ያስጠይቃል።»

ሃዋኒ ሳቋ እንዳያመልጣት ፊቷን በፋይል ሸፈነች። ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም። ፈረሱ የመሥሪያ ቤቱ መሆኑን አምና እንድትፈርም፣ ካልፈረመች ሰኔ ሠላሳ የሚያልቀው ኮንትራቷ እንደማይታደስ ተነገራት።

«ማሎ፣ እባክዎ ኦቦ ጉግሳ፣ ፈረሱን እንደፈለጋችሁ ተጠቀሙበት። ስሜን ብቻ ተዉልኝ።»

«የግለሰብ ስም በመንግሥት ንብረት ላይ?»

ወረቀቱን ሳትፈርም መለሰች። ስሟ ተፋቀ፤ በቦታው የመሥሪያ ቤቱ ክብ ማኅተም ገባ። ማኅተሙ ከፈረሱ ስለሚበልጥ ከዳማው የቀረው ጆሮውና ጭራው ነው። ኦቦ ጉግሳ ይህንኑ አባሪ አድርገው፣ የዓለም ሕዝብ ፈረሱን በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲመልስ ለፕሮግራሙ ሠሪዎች ጻፉ። ግልባጭ ለሚመለከታቸው ሁሉ።

መልሱ ሰኔ ሃያ ዘጠኝ ደረሰ። በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተርጉማ እንድታነብ የታዘዘችው ሃዋኒ ናት።

«ስለ አባሪው እናመሰግናለን» ብላ ጀመረች። «የሣዪዋን ስም መፋቃችሁን አረጋግጠናል። በፈቃዱ መሠረት ስም የፋቀ የመጠቀም መብቱን ያጣል፤ መልሳ ልትሰጠው የምትችለው ሣዪዋ ብቻ ናት። የሌሎች ተጠቃሚዎች መብት እንደተጠበቀ ነው።»

«ባኮስ?» አሉ ኦቦ ጉግሳ።

«ባኮ ይጠቀማል።»

«ብራዚል?»

«እሱም።»

«እኛ ብቻ?»

«እኛ ብቻ።»

ኦቦ ጉግሳ የተጻፈ ነገር የሚያከብሩ ሰው ናቸው። ስድስቱንም ኮምፒዩተር አስጠፉ። በማግስቱ የባለጉዳዩ ሰልፍ ከበር አልፎ አስፋልት ሲደርስ፣ ሃዋኒ ጠረጴዛ ፊት መጥተው ቆሙ።

«እንግዲህ ፍቀጂልን» አሉ በለሰለሰ ድምፅ።

«በቃል?» አለች ሃዋኒ።

በጽሑፍ ሆነ። የእሷ ኮንትራት በዚያው ሰዓት ታደሰ፣ ስሟም ወደ ፈረሱ እግር ሥር ተመለሰ። እሷም ደስታዋን መደበቅ እያቃታት የራሷን ወረቀት ጽፋ አቀረበች። ኦቦ ጉግሳ ሁለት ጊዜ አንብበው ፈረሙ፤ ኦቦ ሂርጳ ቁጥር ሰጥተው ፋይል አደረጉት። ለመሥሪያ ቤቱ የተሰጠው ፈቃድ የስድስት ወር ነው፤ ሥነ ምግባሩ እየታየ ይታደሳል።

ዛሬ ያንን ፈረስ ዓለም በሙሉ በነፃ ይጠቀምበታል። በኮንትራት የሚጠቀምበት አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው፤ ባለቤቱ።