ፕሮፌሰር እና የጃንጥላዋ እንክብል

ቆይ ቆይ፣ ይሄን ሳልነግራችሁ ባድር ሆዴ ይፈነዳል! ፀጉር ቤት ሁሉ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሊጎድለው ይችላል፤ ፕሮፌሰር ግን አይጎድለውም።

የኛዋ ፕሮፌሰር እንዲህ የተባሉት ተምረው አይደለም። ቢጎዲን እየጠቀለሉ የማይፈቱት የዓለም ችግር ስለሌለ ነው። ራስ ምታት? ያውቃሉ። የወገብ ህመም? ያውቃሉ። የባል ኩርፊያማ ስፔሻሊስት ናቸው! ወሬያቸው ሁሉ "እኔ ልንገርሽ!" ብሎ ጀምሮ "በኔ ይሁን!" ብሎ ያልቃል።

አጠገባቸው የምትሰራ አንዲት ልጅ አለች፤ ካገባች ገና ስለሆነ ሙሽራ ነው የምትባለው። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ዛሬ ቢኖር ነገ የለም። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ደግሞ "አዲስ የምከፍተውን ቤት አንቺ ነሽ የምትመሪው" ብላታለች። ሙሽራ ልጅ ትወዳለች፣ ግን ዘንድሮ አይደለም! ስለዚህ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ገዛች። መመሪያው የጉንዳን እግር በምታህል ፊደል ተጽፏል። ትታው ፕሮፌሰርን ጠየቀች።

ፕሮፌሰር ማበጠሪያቸውን እንደ ከዘራ ይዘው ተነሱ።

"እኔ ልንገርሽ! ባል ሲኖር ትውጫለሽ፣ መኪናውን ሲያስነሳ ታቆሚያለሽ። ዝናብ ሳይኖር ጃንጥላ ማን ይዘረጋል?"

"እነዚህ እሽጉ መጨረሻ ላይ ያሉት ቡናማዎቹስ፣ እትዬ?"

"የባልሽ ናቸዋ! ተካፈሉ እንጂ። በኔ ይሁን!"

ሹፌሩ የዋህ ነው፣ ቡናማዎቹን ዋጣቸው። "ጉልበት ሆኑኝ!" እያለ ጎማ ብቻውን ማንሳት ጀመረ።

ከዚያ የሙሽራ የወር አበባ ቀረ። አንዷን ደንበኛ እያጠበች ሻምፖውን ትደጋግመዋለች፣ እንባዋ ከውሃው ጋር ይወርዳል። "ልጄ፣ ቆዳዬን እንኳን ተይልኝ!" አለች ሴትየዋ። ሙሽራ ግን የሚታያት ያ ያልተከፈተው ቤት ነው።

ፕሮፌሰር አዩዋት። የዚያን ቀን ብቻ "እኔ ልንገርሽ" አላሉም። ሽርጣቸውን ፈቱ፣ ደንበኛቸውን ካስክ ስር ጥለው፣ ልጅቷን እጇን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ!

ሙሽራ ለነርሷ ጃንጥላውንም ቡናማውንም ዘከዘከችው።

"ማነው እንዲህ ያስተማረሽ?"

ሙሽራ ወደ ፕሮፌሰር ዞረች። ፕሮፌሰር ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ "አንዲት መሃይም ሴትዮ ናት፣ ተያት" አሉ።

ነርሷ ሳቋን ዋጠች። ምርመራው እርግዝና የለም አለ፤ ሙሽራ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

"ወሩን ያዘበራረቀው እየዘለልሽ መዋጥሽ ነው" አለች ነርሷ። "ስሚኝ እህቴ፣ ይሄ ጃንጥላ ሳይሆን ጣሪያ ነው። ፀሐይ ወጣ ብለሽ ጣሪያ ትነቅያለሽ? ባል ኖረም አልኖረም፣ በየቀኑ በዚያችው ሰዓት! አንዷን ከረሳሽ ትዝ ሲልሽ ዋጫት፣ የዕለቷንም በሰዓቷ፤ ሁለቱ አንድ ቀን ቢገጥሙም ግድ የለም። ሁለትና ከዚያ በላይ ካመለጠሽ ግን አንዷን ወዲያው ውጪና ቀጥዪ፣ ሰባት ቀን ኮንዶም ጨምሩ፣ ወደኛም ብቅ በይ። ቡናማዎቹ አይረን የሚባል የብረት ማዕድን ናቸው፤ ላንቺ ደም ነው የተሰሩት፣ ለጎማ ማንሻ አይደለም። ደግሞ እንክብሉ ለሁሉም ሴት አይስማማም፣ መጀመሪያ ግፊት ይለካል።"

ፕሮፌሰር ክንዳቸውን ዘረጉ። "በይ እኔንም ለኪኝ።"

ግፊታቸው ሰማይ ነክቷል! ለካ እሳቸውም ያንኑ እንክብል ሲውጡ ኖረዋል። "ይሄ ለርስዎ አይሆንም" ተባሉና ሌላ ዘዴ ተሰጣቸው፣ የግፊት ክትትልም ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ ማታ አንድ ሰዓት ሲል ፕሮፌሰር "ካስክ ይጥፋ!" ይላሉ። ቤቱ ጭጭ። "ሙሽራ! ዋጥሽ?" "ዋጥኩ።" ካስኩ ይቀጥላል። ደንበኛው ሁሉ ሰዓቱን በሙሽራ ጉሮሮ ይሞላል። ስለ መድኃኒት የሚጠይቅ ከመጣ ደግሞ መልሳቸው ይሄው ነው፦ "እኔ ልንገርሽ! ነርሷን ጠይቂ። በኔ ይሁን!"

ሙሽራ አዲሱን ቤት ከፈተች። አሁን በስልክ ሆነ፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ "ዋጥሽ?" "ዋጥኩ።" ጆሮዋ ላይ ይዘጉታል። አንድ ማታ ግን ስልኩ ዝም አለ። ሙሽራ እንክብሏን በሰዓቷ ውጣለች፣ ግን ስልኩን ደጋግማ አየችው። ደወለች።

"እትዬ! ምነው ዝም አሉ? ደህና ነዎት?"

"ደህና ነኝ። ሳልነግርሽ ትውጪ እንደሆን ልይ ብዬ ነው። ዋጥሽ?"

"ዋጥኩ።"

"በቃ ተመርቀሻል!" አሉና ዘጉት።

በማግስቱ ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ። "ዋጥሽ?"

የናንተዋስ ፕሮፌሰር ምን ብላ አሳሳተቻችሁ? እስኪ አውሩኝ!