ድምፅ ለሌለው ፊልም የተሾመች አስተርጓሚ

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። እውነት ነው። ስንቱ ንግግር በማግስቱ ሲሻግት አይተናል፤ ድምፅ የሌላቸው የድሮ ፊልሞች ግን ይኸው እስከ ዛሬ ያስቁናል፣ ሳናስበውም ያስለቅሱናል። ታዲያ ዝም ያለ ፊልም አስተርጓሚ ምን ያደርግለታል? እኔም ይህንኑ ጠይቄ ነበር፤ በሆዴ።

ያን ዓመት ለዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሰቆጣ ተመድቤ አስተምር ነበር። ስም ስጠራ እንኳ ድምፄ ከፊተኛው ወንበር አያልፍም። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከኮረም በበቅሎ ተጭኖ የመጣ የፊልም ማሳያ ከነሞተሩ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ተተከለ፤ መስኮቱም በጋቢ ተጋረደ። ዲሬክተሩ ጠሩኝና፣ በመሐል በመሐሉ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ ስለሚል ጮክ ብዬ በአማርኛ እንዳሰማ አዘዙኝ። እሳቸው የተማሩት ፈረንሳይኛ ነው። ድምፄ ካልተሰማ ለዩኒቨርሲቲው የሚጽፉልኝ ደብዳቤ እንደማያምር አከሉበት። ያለዚያ ደብዳቤ ደግሞ መመረቅ የለም።

ፊልሙ ጀመረ። ኮቱ የተቀደደ ከሲታ ሰውዬ በበረዶ ላይ ተንሸራቶ በጀርባው ተዘረጋ። አሁን ይሳቃል ብዬ ስጠብቅ ክፍሉ በአንድ አፍ «እኔን!» አለ። ዳግመኛ ወደቀ፤ «እኔን! እኔን!» ለገበያ ከጽጽቃ የመጡ፣ ከኽምጣኛ በቀር እምብዛም የማይናገሩ አንድ ሽማግሌማ ሊያነሱት ብድግ አሉ። ዲሬክተሩ ከኋላዬ «ቀልድ መሆኑን ንገሪያቸው እንጂ!» ይሉኛል። አጠገቤ ለተቀመጡት ለቤት አከራዬ ለእማማ ታድላ ቀስ ብዬ «ቀልድ ነው፣ ይሳቁ እንጂ» ብላቸው፣ «ሰው ወድቆ? ምኑን ነው የተማርሽው አንቺ ልጅ!» አሉኝ።

በአራተኛው ጊዜ ግን ሰውዬው ከምሰሶ ተጋጭቶ ወድቆ ተነሣ፣ ልብሱን አራገፈ፣ ለገጨው ምሰሶም ባርኔጣውን አንሥቶ በአክብሮት እጅ ነሣ። የእማማ ታድላ ትከሻ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ማን ይቻለን! ወድቆ ጨዋነቱን ያልጣለ ሰው ለእኛ አገር ሰው ዘመድ ነው።

ሰውዬው ለሚወዳት ልጅ ራት አሰናዳ። ወንበሯን በመሐረቡ ወለወለላት። አልመጣችም። ሾርባው ቀዘቀዘ። እሱም ወንበሩ እንዳያፍር ብሎ ነው መሰል፣ አንዴ በራሱ ቦታ አንዴ በእሷ ቦታ እየተቀመጠ የሁለቱንም ድርሻ በላ። እየሳቅሁ ዓይኔን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ።

ይህን ጊዜ ጽሑፉ ብቅ አለ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። «መምህርት፣ ምን ይላል?» ብድግ አልኩ። አንብቤዋለሁ፤ አፌን ስከፍት ግን ከቃሉ እንባው ቀደመኝ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

«ወይኔ፣ ልጅቱ ሞታለች!» አሉ እማማ ታድላ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለቅሶ ቤት ደርሶ የሚያውቅ ያውቀዋል። ደረቱን የሚመታም ነበር። ዲሬክተሩ እንኳ ሲናፈጡ ሰማኋቸው። ባለፊልሙም ለቅሶ ላይ ሞተር ማስጮህ ነውር ነው ብሎ ዕቃውን ሸካከፈ።

ደብዳቤዬ ላይ «የባዕድን ቋንቋ ከሕዝብ ልብ በማድረስ አቻ የላትም» ተብሎ ተጻፈልኝ። ተመረቅሁ። ጽሑፉ ምን ይል እንደነበር እስከ ዛሬ ለሰው አልተነፈስኩም፤ ለእናንተ ግን ልንገራችሁ። «የፊልሙ የመጀመሪያ ጥቅል አልቋል፤ ሁለተኛውን እስክናስገባ እባክዎ በትዕግሥት ይጠብቁ።»