የሲሊንደሮች ሁሉ ዳኛ

ካራቫን፣ ያ በመኪና የሚጎተት የእረፍት ቤት፣ በደረሰበት የምድር ጥግ ሁሉ አንድ አቶ ቡስማን አለ። ስሙ ይለያይ ይሆናል፤ ባርኔጣውም እንዲሁ። ግን ባዶ የጋዝ ሲሊንደር አንጠልጥላችሁ ብቅ ስትሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚጠብቃችሁ፣ ከንፈሩን መጠጥ አድርጎ "ለመሆኑ ቀኑን አይታችሁታል?" የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። እኛ ካምፕ እንዲህ ያለ ሰው የለም ብሎ የሚከራከረኝ ካለ፣ አቶ ቡስማን ራሱ እሱ ነው።

የእኛው፣ ክቡር አቶ ቪንፍሪድ ቡስማን፣ ሜክለንቡርግ በሚባለው የገጠር ግዛት ውስጥ ካለው ሐይቃችን ዳር ካራቫናቸውን ያቆሙት አብዛኞቻችን ሳንጋባ ነው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ወር ከዚያ ንቅንቅ አይሉም። የአጥራቸው ቅጠል በመቀስ የተከረከመ ነው፤ ለጌጥ ግቢያቸው ውስጥ ያቆሟቸው የሸክላ ድንኮችም በቁመት ተሰልፈዋል። ጡረታ እስኪወጡ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ነበሩ። አሁን የሚቆጣጠሩት ባቡር ስለሌለ ሲሊንደር ይቆጣጠራሉ።

ካምፓችን ውስጥ ሁላችንም አንተ፣ አንቺ ነው የምንባባለው። ሐኪሙም ቧንቧ ሠራተኛውም በቁምጣ የሻወር ወረፋ ከያዙ በኋላ እርስዎ መባባል ያስቃል። ከአቶ ቡስማን ጋር ግን እርስዎ እንዳለ ጸንቷል። ባለቤቴ አንትየ አንድ ቀን በቢራ ሞቅ ብሏት "ኧረ እንቀራረብ፣ አንቺ ይበሉኝ" ብትላቸው፣ "ወይዘሮ፣ አንቺ ያልኩትን ሰው በጋዝ ጉዳይ መገሠጽ አልችልም" ብለው ኩም አደረጓት።

"ቀን" የሚሉት ሲሊንደሩ አንገት ላይ የተቀረጸውን ዓመት ነው። ያ ዓመት ካለፈ ሲሊንደሩ አይሞላም፤ እንደገና መመርመር አለበት። ባዶውን አስረክቦ ሙሉ የሚወስድ ሰው ግን የባዶውን ዓመት የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ያረጀውን ሰጥቶ፣ ዓመቱ ሩቅ የሆነውን መርጦ መውሰድ እኛ ዘንድ እንደ እግር ኳስ ያለ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን የማይስም ሰው እንኳ ይህን አይዘነጋም።

የአቶ ቡስማን ችሎት የሚሰየመው ከሱቁ ጎን፣ ሙሉ ሲሊንደሮች በሚቀመጡበት የብረት ፍርግርግ ፊት ነው። አንገታቸው ላይ ማጉያ መነጽር በክር ያንጠለጥላሉ። "ይሄ ሁለት ሺህ ሠላሳ አንድ ይላል፤ ለጠላት ይሁን። ይሄ ሠላሳ ሁለት፤ ግን ቀለሙን እዩት፣ ጨዋ ሰው አልያዘውም። ከኋላ ያለውን አውጡት እስቲ።" ታወጡታላችሁ። "አይ፣ ከሱ ጀርባ ያለውን።" እሱንም ታወጡታላችሁ። አንድ ጊዜ ከሐምቡርግ የመጡ ባልና ሚስት ለልጆቻቸው የቁርስ ቂጣ ሊጋግሩ ሲሊንደር ፍለጋ ወጥተው፣ ቂጣው እራት ሆነ።

ግራጫው ይሻላል ወይስ ቀዩ የሚለውን ጥያቄማ ማንም አያነሳም። ግራጫው ሲሊንደር የራስ ንብረት ነው፤ ቀዩ መያዣ ተከፍሎበት የሚወሰድ የኩባንያ ዕቃ ነው። የአቶ ቡስማን መልስ እስኪመሽ ስለማያልቅ፣ ይህን የጠየቀ ሰው ዣንጥላና የሚቀመስ ነገር ይዞ መምጣት አለበት።

ልብ በሉ፣ በዚህ ሁሉ ፍርድ መሀል የእሳቸው እጅ አንድም ሲሊንደር አንስቶ አያውቅም። ሞልቶ ከሃያ ኪሎ የሚያልፈውን ብረት ስናወጣና ስናገባ ትከሻችን ይወልቃል፤ እሳቸው ማጉያቸውን ይወለውላሉ። ጎረቤታችን ዴትሌፍ፣ ግንበኛ ነው፣ ክንዱ እንደ ግንድ ነው፣ አንድ ቀን መሮት "እስቲ እርስዎም አንዷን ይሞክሯት" አላቸው።

"ዴትሌፍ፣ እኔ ዳኛ ነኝ። ዳኛ ኳስ አይመታም።"

ባለፈው ሚያዝያ ደግሞ አዲስ ነገር ጀመሩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን የካራቫናችንን በር ያንኳኳሉ። በአንድ እጃቸው የሳሙና ውሃ የሞላ መርጫ፣ በሌላው ሁለት እንቁላል ይዘዋል። መርጫው የጋዝ ጎማው የሚያፈስ ከሆነ አረፋ እንዲያወጣ ነው፤ እሱስ ይሁን። እንቁላሉስ?

"ነበልባል በእንቁላል ይለካል" አሉ ፈገግ እንኳ ሳይሉ። "በስድስት ደቂቃ አስኳሉ ካልያዘ ግፊቱ ደካማ ነው ማለት ነው። ውሃ ይጣዱ።"

ጣድን። እንቁላሉ ተቀቀለ። አስኳሉን አዩት፤ ጨው ጠየቁ፤ በሉት። "ግፊቱ ደህና ነው፤ ነገም ግን መታየት አለበት" አሉ። በማግስቱም መጡ። በሦስተኛው ቀን አንትየ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን ጨመረች። "እኚህ ሰውዬ ያማቸዋል እንዴ?" አለችኝ በኋላ። እኔ ደግሞ የልክፍታቸው ማደግ ነው ብዬ ሳቅሁ።

ከተማ የምትኖር ኡልሪከ የምትባል ልጅ አለቻቸው። ክፉ አይደለችም፤ የአባቷ ነገር እንቅልፍ የነሳት ልጅ ናት። ባለፈው መከር ካራቫኑን ስትዘጋ ሁላችን እየሰማን "አባዬ፣ ሲሊንደርህን ሰው መሸከም የጀመረልህ ቀን ካራቫኑ ይሸጣል፤ እኔ ጋ ትመጣለህ" አለቻቸው። እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው ጨበጧት። የባቡር ጣቢያ ኃላፊ የጨበጠውን አያፈርስም።

በግንቦት መጀመሪያ ቅዳሜ የመጀመሪያው ጥብስ ነው፤ ካምፑ ሁሉ ምድጃውን አውጥቶ ቋሊማ እየጠበሰ በጋውን የሚከፍትበት ቀን። ዘንድሮ የካምፑ ባለቤት በዚያው ቀን የጋዝ መርማሪ ጠርቻለሁ፣ ቀኑ ያለፈበት ሲሊንደር የተገኘበት ቦታውን ይለቃል ብላ አስታወቀች። አቶ ቡስማን ይፈነድቃሉ ብለን ነበር። እሳቸው ግን ያን ሳምንት ድምፃቸው ጠፋ። ዴትሌፍ ሆን ብሎ ዓመቱ ቅርብ የሆነ ሲሊንደር በፊታቸው ይዞ ቢያልፍ "ደህና ይዋሉ" ብለው ዝም አሉ። ዴትሌፍ ደንግጦ ሲሊንደሩን መልሶ አስቀመጠው።

ሐሙስ ዕለት ነፋስ ተነሳ። አቶ ቡስማን ሱቁ ጋ ነበሩ። ካራቫናቸው አፍንጫ ላይ ያለው የሲሊንደር ሳጥን፣ ዘወትር ትራስ አንጥፈው የሚቀመጡበት፣ ትራሱ በረረና ክዳኑ ብርግድ ብሎ ተከፈተ። ዝናብ እንዳይገባበት ልዘጋው ሮጥኩ። ዓይኔ ግን ቀድሞኝ ገባ።

ውስጡ አንድ ግራጫ ሲሊንደር ቆሟል። ሸረሪት አንገቱ ላይ ድሯን አድርታ፣ ልጆች ወልዳ ከብዳለች። በጣቴ ባንኳኳው ባዶ መሆኑን ራሱ መሰከረ። ድሩን ጠረግ አድርጌ ዓመቱን አነበብኩ፤ 2013 ይላል። የሲሊንደሮች ሁሉ ዳኛ! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው ብዬ ልስቅ አፌን ከፈትኩ።

ሳቁ አልመጣም። ሁለቱ እንቁላል ትዝ አሉኝ። ሰውዬው ከሚያዝያ ጀምሮ ትኩስ ነገር የሚቀምሱት እኛ ቤት ነው። ያ ሁሉ "ከኋላ ያለውን አውጡት" የሚል ፍርድ የመጣው ክንዳቸው ስለከዳቸው ነው። ሸክሙን እንዳይጠይቁ ደግሞ ልጃቸውን ጨብጠዋል። አንጀቴን በሉት። ክዳኑን ዘግቼ ትራሱን ከአጥሩ ላይ አንስቼ መለስኩ።

ለአንትየና ለዴትሌፍ ነገርኳቸው። ዴትሌፍ ለረጅም ጊዜ ጢሙን አሸ።

"ዝም ብለን ብንቀይርላቸውስ?"

"ካወቁ አይምሩንም" አልኩ።

"ካላወቁ ቅዳሜ መርማሪው ይከፍተዋል፤ ኡልሪከም አጠገቡ ትቆማለች" አለች አንትየ። "እኔ እንደሆነ እንቁላሉን ለምጄዋለሁ።"

የቀረው አንድ ችግር ነበር፤ ሰውዬውን ከካራቫናቸው ማራቅ። ዴትሌፍ ተነሳ። የሚሄድበትን ስላወቀ ዣንጥላና ሁለት ዳቦ ያዘ። አርብ ከሰዓት በኋላ ፍርግርጉ ፊት ቆሞ፣ እዚያ ካምፕ ማንም በፈቃዱ አፉን ያልከፈተበትን ቃል ሲናገር በጆሮዬ ሰማሁት። "አቶ ቡስማን፣ ለመሆኑ ግራጫው ነው ወይስ ቀዩ የሚሻለው?"

እኔ አሮጌውን ሲሊንደር መኪና ላይ ጭኜ መንደሩ ነዳጅ ማደያ በረርኩ። እዚያም እንደኛው ያለ ፍርግርግ አለ። ማጉያ ባይኖረኝም እየተጎነበስኩ፣ እየተንበረከክሁ አንገት አንገታቸውን አነበብኩ። 2033 የሚል አገኘሁ። ኩራቱን ልነግራችሁ አልችልም፤ ሻጩን ጠርቼ ላሳየው ምንም አልቀረኝ።

ስመለስ ሃያ ምናምን ኪሎውን ብቻዬን ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ። የጋዝ ጎማው ማሰሪያ ብሎን ደግሞ እንደ ሌላው ብሎን አይደለም፤ የሚጠብቀው ወደ ግራ ነው። ይህን አቶ ቡስማን ሺህ ጊዜ አስተምረውኛል፤ እኔ ሺህ ጊዜ አዎ እያልኩ ሌላ ነገር አስቤያለሁ። ወደ ቀኝ ስታገል ወገቤ ቀጭ አለ። እንደምንም ጨርሼ፣ ትራሱን አስተካክዬ፣ እንደ ሸርጣን እየተራመድሁ ቤቴ ገባሁ። ዴትሌፍ ሲመሽ ተመለሰ። "ግራጫው ነው" አለና ጋደም አለ።

ቅዳሜ ኡልሪከ መጣች፤ መርማሪውም መጣ። አቶ ቡስማን የክት ሸሚዛቸውን ለብሰው ትራሳቸው ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ነጭ ሆኗል።

"ይነሱልኝ፣ ልክፈተው" አለ መርማሪው።

"የሌላውን ሁሉ አዩ?"

"አየሁ። የቀረው የእርስዎ ነው።"

ቀስ ብለው ተነሡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙት፤ ቀብር ላይ የቆሙ ነው የሚመስሉት። ክዳኑ ተከፈተ። መርማሪው ጎንበስ አለ። "ሠላሳ ሦስት። ጎማውም ደህና ነው። በጣም ጥሩ።" ከዚያ ሄደ።

አቶ ቡስማን ሳጥኑን አዩት። ማጉያቸውን አውጥተው እንደገና አዩት። ቀና ብለው እኛን አዩን፤ እኛ ሁላችን ድንገት ቋሊማ ማገላበጥ ላይ ነን።

"አባዬ፣ ማን ተሸከመልህ?" አለች ኡልሪከ።

ሰውዬው ስለ ጋዝ ዋሽተው አያውቁም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ ሲሊንደር የተሸከመ ሰው አያወራም። ሕጉ እንደዚያ ነው።"

ኡልሪከ አንድ በአንድ ቃኘችን። ዓይኗ እኔ ላይ ቆመ። አንድ እጄ ወገቤ ላይ፣ ሌላው የቋሊማው መቆንጠጫ ላይ ነበር።

"አንተ፣ ወገብህን ምን ነካህ?"

"ሳር ስነቅል ነው።"

"ከባድ ሳር ነበር ማለት ነው" አለች። ከዚያ የአባቷን የሸሚዝ ኮሌታ አስተካከለችና "እንግዲህ እስከ ጥቅምት፣ አባዬ። በጥቅምት እንነጋገራለን" ብላ ቋሊማ ለማንሣት ሄደች።

ፀሐይ ልትገባ ስትል አቶ ቡስማን ወደ ምድጃዬ መጡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እሳቱን ተመለከቱ። እኔም እሳቱን ተመለከትሁ።

"ሠላሳ ሦስት" አሉ።

"ሠላሳ ሦስት" አልኩ።

"የመንደሩ ማደያ ነው።"

አንድ ቋሊማ አገላበጥኩ።

"እዚያ ፍርግርግ ውስጥ፣ በግራ በኩል፣ ከሁሉም ኋላ፣ ሠላሳ አራት ነበረ" አሉ። "አላየኸውም።"

ይህን ሁሉ ዓመት እርስዎ ሲሉኝ ኖረው አላየኸውም አሉኝ። ከዚያ ዞረው ሄዱ። ድንኮቻቸው ጋ ሲደርሱ አንዱን በጫማቸው ጫፍ ወደ መስመሩ መለሱት።

እንግዲህ ጋዝ ሞልቶላቸዋል፤ ምድጃቸው ይሠራል፤ ጠዋታችን ነፃ ወጣ ብዬ ተኛሁ። እውነቱን ለመናገር ቅር ብሎኝ ነበር። እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳ። አቶ ቡስማን ናቸው፤ መርጫውን ይዘዋል።

"ነበልባላችሁ መለካት አለበት" አሉ።

በሌላው እጃቸው ያለውን አየሁት። አራት እንቁላል ነው። አንትየ ከአልጋ ሆና "ማነው?" አለች። "ዳኛው ናቸው" አልኩና ትልቁን ድስት ጣድሁ።