እያንቀላፋ የሚሸልመው ዳኛ

የፊልም ሽልማት ሰሞን ሲደርስ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አንድ ዳኛ ይበቅላል። ማንም አልሾመውም፤ ራሱን ሾሞ ነው የሚመጣው። ዓመቱን ሙሉ ሲኒማ ቤት የሚገባው ወይ ዝናብ ሲያባርረው ወይ ሚስቱ ስትጎትተው ነው። እጩዎቹ በታወቁ ማግስት ግን ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ "እኔን ከጠየቃችሁኝ..." ብሎ ይጀምራል። ማን ጠየቀው? ማንም። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ካላወቃችሁት ምናልባት እናንተው ናችሁ።

የእኛው ዳኛ ሶፋ ሠሪ ነው። ስፖንጅ ሲቆርጥና ጨርቅ ሲወጥር ይውላል። የወርክሾፑ ሰዎች "ክቡር ዳኛ" ይሉታል፤ እነሱ ለቀልድ ነው፣ እሱ ግን ሹመቱን ከልቡ ተቀብሏል። ፍርዱን የሚያሰማው በምሳ ሰዓት ነው፤ ገና ጨርቅ ያልለበሰ ሶፋ ላይ ይሰየምና እግሩን ያነባብራል። የሽልማት ዘርፎቹም ከራሱ የፈለቁ ናቸው። የመጀመሪያው የዓመቱ ምርጥ መቀመጫ ነው።

"ሰውየው ሚሊየነር ነው ይሉናል፤ ሶፋው ላይ ሲቀመጥ ግን እስከ ወገቡ ሰመጠ! እንዲህ ያለ ስፖንጅ ላይ የሚቀመጥ ሚሊየነር የት አለ? ወድቋል!"

ቀጥሎ ምርጥ አወዳደቅ ነው፤ ከደረጃም ይሁን ከፈረስ፣ ከሥልጣንም ቢሆን ግድ የለውም። በር ላይ ቆሞ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ለሚቀር ዘበኛ እንኳ ሽልማት አያጣም። "ተዋናይ ማለት እሱ ነው፤ ሌሎቹ ለፍላፊ ናቸው" ይላል።

ትልቁ ሽልማት ግን ምርጥ አጨራረስ ነው። እዚህ ሲደርስ ድምፁ ይለዝባል፣ አናጺዎቹ መዶሻቸውን ያስቀምጣሉ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋም ከቢሮዋ ብቅ ትላለች። የፊልሙን መጨረሻ ሲተርክ እንባ የሚተናነቀው ሰው አይጠፋም።

እንግዲህ ጉዱን ላውጣው። ክቡር ዳኛው የአንድም ፊልም መጨረሻ አይቶ አያውቅም። ሲኒማ ቤት ሲገባ መቀመጫውን በመዳፉ ጫን ጫን አድርጎ ይፈትሻል፣ ይደላደላል፣ ከዚያ መብራት ከጠፋ ብዙም ሳይቆይ እንቅልፍ ይዞት ይሄዳል። ሲያልቅ ሚስቱ በክርኗ ጎሸም ታደርገዋለች፤ ወደ ቤታቸው በእግር እየሄዱም ያመለጠውን ትነግረዋለች። ሚስቱ ጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ተራው እስኪደርስ የሚንቀጠቀጠውን ሰው ሁሉ በወሬ እያባበለች የምታስቀምጥ ጨዋታ አዋቂ።

ዘንድሮ የምርጥ አጨራረስ ሽልማት የተሰጠው አንድ ሽማግሌ መርከበኛ ለሚታይበት ፊልም ነበር። ዳኛው እንደተረከው መርከበኛው ከስንት ዘመን በኋላ ተመልሶ የልጁን በር ያንኳኳል። "ማነው?" ትላለች ልጅቱ። እሱ ስሙን መናገር ያቅተውና ሕፃን ሳለች ያፏጭላት የነበረውን ዜማ ያፏጫል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ልቧ ተነክቶ ቅዳሜ ባሏን ይዛ ፊልሙን ልታይ ሄደች።

ሰኞ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ መጣች።

"ጋሼ፣ በሕግ አምላክ! ሰውየው ሰመጠ እኮ! በር የለ፣ ፉጨት የለ! ባሌ ‘ደስ ይላል ብለሽ ለቅሶ አመጣሽኝ’ ብሎ እስካሁን እንዳኮረፈኝ ነው።"

"ዳኛው ጉቦ በልቷል!" አለ አንዱ አናጺ። ሳቁ ጣራ ነካ። ዳኛው ፊቱን ስፖንጁ ውስጥ ቢቀብር በወደደ።

ማታ ቤት ሲገባ ሚስቱ የሥራ ልብሷን ትተኩሳለች።

"አዋረድሽኝ! ሰውየው ሞቷል አሉ!"

"አዎ፣ ሞቷል" አለች ሳትደነግጥ። "ያን ቀን ወንድምህን ሆስፒታል ጠይቀን መምጣታችን ነበር። ፊትህ ጠቁሮ እያየሁ ሰመጠ ልበልህ? አላስቻለኝም።"

"ሌሎቹስ ፊልሞች?"

ካውያውን አቆመችው። "ትንሽ ትንሽ አስተካክያለሁ።"

"የትኞቹን?"

"ደስ ያላሉኝን።"

"ይኸው ስንት ዓመት ያንቺን ፈጠራ ስሸልም ኖሬያለሁ ማለት ነው! መሳቂያ አደረግሽኝ!"

ይህን ባይል ይሻለው ነበር። ሴትዮዋ ከፋት። "እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ዐይንህን ገልጠህ እይ። እኔ አንድ ቃል አልነግርህም" አለች። እሷ ደግሞ አለች ማለት አለች ነው።

ወርክሾፑ ነገሩን በጥቂት ቀን ረሳው፤ እሷ ግን አልረሳችም። እሁድ ከሰዓት እንደወትሮው ሲኒማ ገቡ፣ እንደወትሮው ተኛ፣ "አልቋል፣ ተነሣ" አለችው። ከዚያ በኋላ እስከ ቤታቸው ድረስ ዝም። በወሬ ሳይታወቅ የሚያልቀው መንገድ ለካ ዳገት ነበረው። ዳኛው ያኔ ነው የገባው፤ እሱ ፊልም ወዶ አያውቅም፣ የወደደው ከፊልም መልስ ያለውን መንገድ ነው። ናፈቀችው፣ አጠገቡ እየሄደች ናፈቀችው። በምሳ ሰዓት ስለ ምርጥ አጨራረስ ሲጠይቁት፣ "ዘንድሮ ተሰርዟል" ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በሚቀጥለው እሁድ ቆረጠ። ማስቲካ አኘከ፣ ጭኑን ቆነጠጠ፣ ወንበሩ እንዳይደላው ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ቤቷን ሸጣ ስለምትሄድ አንዲት መበለት የተሠራውን ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየ። ሴትዮዋ ባዶውን ቤት ቆልፋ ብቻዋን ስትሄድ መሐረቡን አወጣ። ከእንግዲህ ማንም አፉን የማያስይዘው፣ በዐይኑ ያየ ዳኛ ሆነ።

ከሲኒማ ቤቱ ወጥተው ጥቂት እንደሄዱ ጉሮሮውን ጠረገ።

"መሃል ላይ ሸለብ ሳያደርገኝ አልቀረም" አላት።

"ውሸታም! መሐረብ አውጥተህ ስታለቅስ አይቼሃለሁ።"

"በእንቅልፌ ነው።"

ሳቋን ልትውጠው ሞከረች፣ አቃታት። ክንዱን ያዝ አደረገችው።

"እሺ፣ የት ጋ ስትደርስ ነው የተኛኸው?"

"ገና መብራቱ ሲጠፋ" አለ ክቡር ዳኛው። "ከመጀመሪያው ንገሪኝ።"