በልቼ ነው የመጣሁት

ፖከር ለእኛ ሰው የተፈጠረ ጨዋታ ነው ብል አትቆጡኝ። ሌላው ዓለም ብላፍ ማድረግን፣ የሌለውን ካርድ እንዳለው ማስመሰልን፣ ከቪዲዮ ነው የሚማረው፤ እኛ ግን ሰው ቤት ሄደን፣ ሆዳችን እየጮኸ፣ «ኧረ ጠግቤያለሁ» እያልን ነው ያደግነው። ጋባዣችን አያምነንም። እንዲያምነን እንደማንፈልግ ያውቃል። ማወቁንም እናውቃለን። እስቲ ከዚህ በላይ ምን የፖከር ትምህርት አለ?

እኔ ግን እውቀቴን ላጠናክር ብዬ፣ ኤርፖርት መንገደኛ እየጠበቅኩ መኪናዬ ውስጥ የፖከር ሊቃውንትን ቪዲዮ ስኮመኩም ከረምኩ። ባላጋራህ ኦል ኢን ብሎ ያለውን ቺፕስ፣ የመወራረጃውን ጠጠር፣ በሙሉ ወደ መሃል ሲገፋ አትደንግጥ ይላሉ። ከመጀመሪያው ካርድ ጀምሮ አጨዋወቱን መለስ ብለህ አስብ፤ ነገሩ እርስ በርሱ ይገጥማል ወይ? ከዚያ እጁን፣ ትንፋሹን ተመልከት፤ ሰው ሲዋሽ የሆነ ቦታ ያሳብቅበታል። ስለ ይሉኝታ ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም።

ነገሩ የመጣው በእድራችን ነው። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ የእድር ሊቀመንበር ሆንክ ማለት ስልክህ የአንተ መሆኑ ቀረ ማለት ነው። ጋሽ መኮንን ሲሸከሙት ኖረው ደከማቸው። እኔ «ከእርስዎ የተሻለ ከየት ይገኛል?» እላለሁ፤ እሳቸው «አሁን ተራው የወጣት ነው» ይላሉ። ወጣቱ እንግዲህ እኔ ነኝ፣ ፀጉሬ ሸሽቶ ካለቀ በኋላ። ስንመሰጋገን የሰለቸቻት ጸሐፊያችን ትዕግስት፣ ነርስ ስለሆነች ነገር ማስታመም አትወድም፣ «እሑድ እሑድ ፖከር ትጫወቱ የለም እንዴ? የተሸነፈው ሊቀመንበር ይሁን፣ ፊኒሽ» አለች።

እሑድ ከሰዓት ሃቫና ስትሪት ላይ ካለች ምግብ ቤት የኋላ ክፍል እድርተኛው ተሰበሰበ። ካርድ የምታድለው ትዕግስት ናት። እኔ ሁለት ንግሥት ይዤ ግማሽ ቺፕሴን አስገብቻለሁ። የመጨረሻው ካርድ ሲገለጥ ጋሽ መኮንን ቺፕሳቸውን በክንዳቸው ጠርገው ገፉት።

«ኦል ኢን። ተው ልጄ፣ ጥሩ ይዣለሁ፤ ይቅርብህ» አሉኝ።

ብተወው በቀረችኝ ቺፕስ ብዙ አልራመድም፤ ኮል አድርጌ፣ ማለትም የቀረኝን አስገብቼ ካርዳቸውን አስገልጬ፣ ብሸነፍ እዚያው ሊቀመንበር ነኝ። ደግሞስ ኮል ማድረግ «ጋሼ፣ ዋሽተዋል» ማለት አይደል? ያውም በእድርተኛው ሁሉ ፊት። በዚህ ጭንቅ መሃል ቀኝ ጉልበታቸውን ሲያሹ አየኋቸው። ይህን ማሸት አውቀዋለሁ። ቤቴ መጥተው ምግብ ሲቀርብ «በልቼ ነው የመጣሁት» ይላሉ፣ ጉልበታቸውን ያሻሉ፤ «በሞቴ» ብለን ስንለምናቸው ሳህኑን ሙልጭ ያደርጉታል። እርግጠኛ ለመሆን ወጥመድ ዘረጋሁ።

«ጋሼ፣ ምሳ ይምጣልዎት?»

«በልቼ ነው የመጣሁት» አሉ፣ ጉልበታቸውን እያሹ።

በደስታ ልበር ምንም አልቀረኝ። የቪዲዮው ሊቃውንት ቢያዩኝ ብዬ ተመኘሁ። «ኮል አድርጌያለሁ» ብዬ ንግሥቶቼን ዘረጋሁ።

ጋሽ መኮንን ሁለት ንጉሥ ገለጡ።

ትዕግስት በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። እኔ «ጉልበትዎን ሲያሹ እኮ...» ብዬ ተንተባተብኩ።

«በረዶ ሊጥል ሲል ይጠዘጥዘኛል» አሉ።

«ታዲያ ቤቴ ሲመጡ በልቼ ነው የመጣሁት የሚሉትስ?»

«በልቼ ነዋ። አልሰማ ብላችሁ ነው እንጂ።»

ስንት ዓመት ሙሉ አንድ እውነተኛ ሰው በግድ ስናበላ ኖረናል! ሊቀመንበር መሆኔን ረስቼ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ።

በሊቀመንበርነቴ የወሰንኩት የመጀመሪያ ነገር ጋሽ መኮንንን ማመን ነው። ብዙም ሳይቆይ ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው ሰፈር አንድ አባላችን ቤት ክርስትና ተጠራን። ለጋሽ መኮንን ሳህን ሲቀርብ እንደ ልማዳቸው «በልቼ ነው የመጣሁት» አሉ። ሰዉ «በሞቴ» ሊል አፉን ሲከፍት እኔ በሥልጣኔ እጄን አነሳሁ። «ተዉአቸው፣ ጋሼ አይዋሹም» ብዬ ሳህኑን ተቀብዬ አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው ሰጠሁት። ሳህኑን በዓይናቸው ሸኙት። ዞር ብዬ ሳይ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ አልነበረም፤ ሆዳቸው ላይ ነበር።

ዛሬ ከእድሩ አባላት መካከል ስልክ የማይደውሉልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።